ሴንሰሮችና ገመድ አልባ ኔትዎርኮች በወሎ ከተሞች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ስማርት ሲቲ፣ ማለትም አገልግሎቱን በሴንሰርና በኔትዎርክ ስለሚከታተል ከተማ፣ ከሚጻፈው ውስጥ አብዛኛው ሜዳማ መሬት ላይ ያረፉ፣ መብራት የማይጠፋባቸውና በጀታቸው የሰፋ ከተሞችን ታሳቢ ያደረገ ነው። ደሴ ግን በጦሳና በአዝዋ ገደል ተራሮች መካከል ተጠግታ የተቀመጠች ናት፤ ኮምቦልቻ በመንገድ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ርቃ ከእርሷ በብዙ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ትገኛለች፤ ላሊበላ ደግሞ በላስታ ተራሮች ላይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የመሬቱን አቀማመጥ ያስቀድማሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሣሉ፦ ሴንሰሩ (ለኪ መሣሪያው) የላከው ቁጥር ከፍ ሲል ከአልጋው የሚነሣው ማን ነው?

በኮምቦልቻ በኩል በሚወርደው በቦርከና ወንዝ ድልድይ ላይ የተሰቀለ ሴንሰር መረጃውን ለከተማ አስተዳደሩ የሚያደርሰው እንዴት ነው?

የዚህ ዓይነቱ ሴንሰር የሚለካው በእርሱና በውሃው ገጽ መካከል ያለውን ርቀት ነው። ከድልድዩ ሥር ሆኖ የድምፅ ወይም የራዳር ሞገድ ወደ ታች ይልካል፤ ሞገዱ ውሃው ላይ ነጥሮ እስኪመለስ የወሰደውን ጊዜ ቆጥሮም ርቀቱን ያሰላል። ርቀቱ ሲያጥር ወንዙ እየሞላ ነው ማለት ነው። ከሴንሰሩ ጋር በአንድ ሳጥን ውስጥ ያለች ትንሽ ኮምፒውተር ቁጥሩን ተቀብላ በሬዲዮ ትልከዋለች። ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተተከለ ጌትዌይ የሚባል መቀበያ መልእክቱን ይዞ በኢንተርኔት ወይም በሲም ካርድ ሰርቨር ወደሚባለው መረጃ ሰብሳቢ ኮምፒውተር ያስተላልፋል፤ ሰርቨሩም ቁጥሩን መዝግቦ ከተወሰነው ልክ ካለፈ በስልክ መልእክት ያስጠነቅቃል።

በድምፅ ሞገድ የሚሠሩት ርካሽ ስለሆኑ ብዙዎች እነርሱን ይመርጣሉ። ይሁን እንጂ የድምፅ ፍጥነት ከአየሩ ሙቀት ጋር ይለዋወጣል፤ በ0 ዲግሪ በሰከንድ ወደ 331 ሜትር የነበረው በ20 ዲግሪ ወደ 343 ሜትር ይደርሳል። ሴንሰሩ የአየሩን ሙቀት እየለካ ስሌቱን ካላስተካከለ፣ ውሃው ከእርሱ 4 ሜትር ሲርቅ የ10 ዲግሪ ለውጥ ብቻ ወደ 7 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ስሕተት ያስከትላል። በኮምቦልቻ ቀኑና ሌሊቱ በሙቀት ስለሚለያዩ ወንዙ ሳይንቀሳቀስ በየዕለቱ የሚሞላና የሚጎድል ይመስላል። ራዳሩ ይህ ችግር የለበትም፤ ዋጋው ከፍ ቢልም ለጎርፍ ማስጠንቀቂያ ከሆነ ልዩነቱን መክፈል ተገቢ ነው ብለን እናምናለን።

ዋይፋይ፣ ሲም ካርድ ወይስ ሎራዋን፦ የትኛው ይሻላል?

ምርጫውን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የመልእክቱ መጠን፣ ርቀቱና የኃይል ምንጩ። ዋይፋይ ብዙ መረጃ ያስተላልፋል፤ ነገር ግን ሽፋኑ ከአንድ ግቢ ብዙም አያልፍም፣ ባትሪም ቶሎ ይጨርሳል። ዚግቢ የተባለው የአጭር ርቀት ሬዲዮ በሕንፃ ውስጥ ላሉ አምፖሎችና መቆጣጠሪያዎች የተሠራ ነው። ካሜራ ከሆነ የሚላከው ባለገመድ መስመር ወይም 4ጂ ያስፈልጋል፤ ሌላ አማራጭ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

የውሃ ልክ፣ የቧንቧ ግፊት፣ የዝናብ መጠን፣ የአፈር እርጥበት ግን በጥቂት ባይቶች የሚነገሩ ናቸው። ለእነዚህ የተሠራው የሎራ ሬዲዮ በሰከንድ ከ0.3 እስከ 50 ኪሎ ቢት ገደማ ብቻ የሚያስተላልፍ ሲሆን፣ በዚህ ዝግታው ምክንያት እጅግ ደካማ ምልክትን እንኳ ከጩኸት ለይቶ ያነባል። በከተማ ውስጥ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ሜትር፣ እይታው ክፍት በሆነ ገጠር ደግሞ 15 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በዚህ ሬዲዮ ላይ የተመሠረተው የሎራዋን አሠራር በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት መስፈርትነት ጸድቋል። ትልቁ ጥቅሙ ከተማው ወይም ዩኒቨርሲቲው ጌትዌዩን ራሱ ገዝቶ ራሱ ማስተዳደር መቻሉ ነው።

ከቴሌኮም ኩባንያ የሚገኘው ተመሳሳይ አገልግሎት ኤንቢ-አይኦቲ ይባላል፤ የሞባይል ስልክ መስፈርቶች አካል ሆኖ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ምልክቱ ወደ ምድር ቤትና ወደ ቆጣሪ ጉድጓድ ዘልቆ መግባት ይችላል። የዚህ አገልግሎት ሞደም ከመገዛቱ በፊት ግን ሴንሰሩ በሚተከልበት ቀበሌ አገልግሎቱ እንደሚሠራ ከኩባንያው በጽሑፍ ማረጋገጫ ሊወሰድ ይገባል። ሴንሰሮቹ ከአምስትና ከስድስት የማይበልጡ ከሆነ ተራ የሲም ካርድ ሞደም በቀን ጥቂት ጊዜ ኤስኤምኤስ እየላከ ሥራውን ይወጣል። ለሁለት የውሃ ማጠራቀሚያዎች ብሎ ሙሉ የሎራዋን ኔትዎርክ መዘርጋት አያስፈልግም።

የደሴ ተራሮች ለሬዲዮ እንቅፋት አይሆኑም?

እንቅፋትም እገዛም ይሆናሉ። ጌትዌዩ ሸለቆው ውስጥ ባለ ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ከተሰቀለ፣ ከአንድ ጉብታ ጀርባ ያሉት ሰፈሮች በሙሉ ከሽፋን ውጭ ይሆናሉ። በጦሳ ወገብ ላይ መብራት ባለበት ግቢ ቢተከል ግን አብዛኛውን ከተማ ቁልቁል ያያል፤ ሜዳ ላይ የተቆረቆረ ከተማ ለዚህ ያህል ከፍታ ውድ ማማ ማቆም ይኖርበታል። በተራራው ጥላ ውስጥ ለሚቀሩት ሰፈሮች ከወዲያኛው ተዳፋት ሁለተኛ ጌትዌይ ይጨመራል። ሎራዋን አንድ መልእክት በሁለት ጌትዌዮች ቢሰማም ሰርቨሩ አንዱን ብቻ ስለሚመዘግብ ይህ መደራረብ ጉዳት የለውም።

በዓይን መታየት ብቻውን ዋስትና አለመሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። የሬዲዮ ሞገድ በሁለቱ አንቴናዎች መካከል እንደ ክር ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ መካከሉ ላይ ሰፋ ያለ ነጻ ቦታ ይፈልጋል። በ868 ሜጋ ኸርዝ ላይ ለሚሠራ የ10 ኪሎ ሜትር ግንኙነት ይህ ቦታ መሐል ላይ ወደ 29 ሜትር የሚደርስ ራዲየስ አለው። ባሕር ዛፍ የሸፈነው ጉብታ በዚህ ክልል ውስጥ ከገባ፣ ጌትዌዩ በዓይን እየታየም መልእክት ሊጠፋ ይችላል። ደሴና ኮምቦልቻም ጎረቤት ቢሆኑም በመካከላቸው ያለው የሐረጎ ከፍታ ሬዲዮውን ስለሚጋርድ ለየብቻቸው ጌትዌይ ያስፈልጋቸዋል።

ምልክቱ ሲደክም ሴንሰሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ይልካል። አንድ አጭር መልእክት በፈጣኑ ደረጃ 60 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ሲፈጅ፣ በዝግተኛው ከአንድ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ መጥፎ ቦታ ላይ የተተከለ ጌትዌይ ሽፋን ከማሳነሱም በላይ የሴንሰሮቹን ባትሪ ሁሉ ያስበላል፤ አየሩንም ያጨናንቃል። ጌትዌዩ የሚተከልበትን ቦታ ለመምረጥ አንድ ሳምንት ሙሉ በእግር እየዞሩ ምልክት መለካት፣ በኋላ ለዓመታት ባትሪ ከመቀየር ያድናል። ተራራ ላይ የሚተከል መሣሪያ የመብረቅ መከላከያና አስተማማኝ የመሬት ሽቦ እንደሚያስፈልገው ደግሞ የወሎን ክረምት ለሚያውቅ ሰው መንገር አያሻም።

መብራት ሲጠፋና ኔትዎርክ ሲቋረጥ ምን ይሆናል?

ሴንሰሮቹ በራሳቸው ባትሪ ስለሚሠሩ መብራት ቢጠፋም አይነካቸውም። ጥንቃቄ የሚሻው ጌትዌዩ ነው። ጌትዌዩ 5 ዋት ይወስዳል ብለን ብናስብ በቀን 120 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ባለ12 ቮልትና ባለ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ በግማሹ ብቻ ብንጠቀምበት ወደ 600 ዋት ሰዓት ስለሚሰጥ ለአምስት ቀን ያህል ያቆየዋል። ሶላር ሲጨመርበት የክረምቱን ደመናና የደሴን ጉም አስቦ ፓነሉን ከስሌቱ በእጥፍ ማሳደግ ብልህነት ነው።

ኢንተርኔት መቋረጥ ከመብራት የከፋ ጉዳይ ነው፤ በወሎ ኔትዎርክ ለሳምንታት የጠፋባቸው ጊዜያት ከሰው አእምሮ አልወጡም። መረጃው በሙሉ ባሕር ማዶ ባለ ሰርቨር ላይ የሚቀመጥ ከሆነ፣ መስመሩ በተቋረጠ ቀን ደሴ የራሷን የውሃ ልክ ማየት አትችልም። ይህ ሊሆን አይገባም። ቺርፕስታክን የመሰሉ ነጻ የሎራዋን ሰርቨር ሶፍትዌሮች በአንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ተጭነው በውሃ አገልግሎት ቢሮው ውስጥ ሊሠሩ ይችላሉ። ጌትዌዩ ከቢሮው ጋር በቀጥታ የሬዲዮ መስመር ከተገናኘ፣ ውጫዊው ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ማስጠንቀቂያው ይደርሳል። የውጭው ሰርቨር የመጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጫ ይሁን፤ ዋናው ግን ከተማው ውስጥ ይቀመጥ።

የሴንሰር ባትሪ በእርግጥ አሥር ዓመት ይቆያል?

በስሌት ደረጃ አዎ። በየሰዓቱ አንድ መልእክት በዝግተኛው ደረጃ የሚልክ፣ ሲልክ 40 ሚሊ አምፔር ለአንድ ሰከንድ ተኩል የሚወስድና ሲተኛ 5 ማይክሮ አምፔር ብቻ የሚጠቀም ሴንሰር በዓመት የሚፈጀው 190 ሚሊ አምፔር ሰዓት ገደማ ነው። ባለ2,400 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ በዚህ ስሌት ከአሥር ዓመት ያልፋል። በተግባር ግን ባትሪው ሥራ ሳይሠራም በራሱ ይደክማል፣ ብርድ ጉልበቱን ይቀንሳል፣ መልእክት ሲጠፋም ሬዲዮው ደግሞ ለመላክ ይገደዳል፤ ደግሞም ስሌቱ የሬዲዮውን ፍጆታ ብቻ እንጂ ሴንሰሩ ለመለካት የሚወስደውን ኃይል አልቆጠረም። ዕቅድ ሲወጣ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት መያዝ ይሻላል።

የደሴ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሴንሰር ብክነቱን ሊያሳይ ይችላል?

ይችላል፤ ሆኖም ከውጭ የመጣው የተለመደ ዘዴ እንዳለ ቢወሰድ ያሳስታል። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ሰው ሁሉ ስለሚተኛ በዚያን ጊዜ ወደ አንድ ሰፈር የሚገባው ውሃ አብዛኛው ከተሰነጠቀ ቧንቧ የሚፈስ ነው ተብሎ ይገመታል። ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ ግን ሌሊት ውሃ ሲመጣ የየቤቱ ሮቶ ይሞላል፤ እናቶችም ጀሪካን ለመሙላት ይነሣሉ። በደሴ የሌሊቱ ፍሰት የብክነት ልክ ነው ብሎ የሚያውጅ ሶፍትዌር ሕዝቡ ለነገ ያጠራቀመውን ውሃ እንደ ባከነ ይቆጥረዋል ማለት ነው።

የሚሻለው መንገድ አንድ ሰፈር መርጦ፣ መግቢያው ላይ የፍሰት ቆጣሪ ተክሎ፣ በአንድ ሙሉ የፈረቃ ዙር የገባውን ውሃ በሰፈሩ ካሉት ቆጣሪዎች ድምር ጋር ማነጻጸር ነው። ሌላው አማራጭ ነዋሪዎች አስቀድመው ተነግሯቸው ለአንድ ሌሊት የሮቷቸውን መግቢያ እንዲዘጉ ማድረግና ያንን ሌሊት ብቻ መለካት ነው። ይህ በእድርና በቀበሌ በኩል ከተነገረ የሚሳካ ሥራ ነው። ቧንቧው ባዶ ሆኖ ሲቆይና ውሃ ሲለቀቅበት ፊት ፊት የሚሮጠው አየር የቤት ቆጣሪን እንደሚያዞርም አይዘንጋ፤ ነዋሪው «ውሃ ሳይመጣ ቆጣሪዬ ቆጠረ» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል።

በእኛ ግምት ለደሴ ከፍሰት ቆጣሪ በፊት የሚቀድመው የግፊት ሴንሰር ነው። በተዳፋት ላይ የ10 ሜትር ከፍታ ልዩነት አንድ ባር የሚጠጋ ግፊት ይፈጥራል። ማጠራቀሚያው ከአንድ ሰፈር 100 ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠና መካከል ላይ ግፊት መቀነሻ ከሌለ፣ ታች ያለው ቧንቧ ወደ 10 ባር ይሸከማል። ላይ ያሉት ውሃ አጥተው ሲጠብቁ ታች ያሉት ቧንቧ ሲፈነዳባቸው የሚያድረው በዚህ ምክንያት ነው። ጥቂት የግፊት ሴንሰሮች በየአሥር ደቂቃው እየመዘገቡ ለአንድ ወር ቢቆዩ የግፊት መቀነሻ ቫልቭ የት መቀመጥ እንዳለበት በግልጽ ያሳያሉ፤ ግፊቱ ሲስተካከል ደግሞ ያሉት ስንጥቆች የሚያፈሱት ውሃ ሳይጠገኑም ይቀንሳል።

የመሬት መንሸራተትን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል?

በብዙ ቦታ ምልክቱን አስቀድሞ ማየት ይቻላል፤ የሚወርድበትን ሰዓት መናገር ግን አይቻልም። ደሴ በተዳፋት አፈር ላይ የተሠሩ ሰፈሮች ያሏት በመሆኑ ለወሎ ከተሞች ከሚታሰቡት የሴንሰር ሥራዎች ሁሉ ነፍስ የማዳን ዕድሉ ያለው ይህ ነው፤ ስለዚህም በሰፊው እንመልሳለን።

ዳገት የሚንሸራተተው በአብዛኛው ውሃ አፈሩ ውስጥ ሰርጎ በእንክብሎቹ መካከል ያለው ግፊት ሲጨምርና አፈሩን የያዘው ሰበቃ ሲቀንስ ነው። የዳገቱ እግር ለቤት ወይም ለመንገድ ተቆርጦ ከሆነ ደግሞ ድጋፉ አስቀድሞ ተነሥቷል። በዚህ ቅደም ተከተል መሠረት ሦስት ነገሮች ይለካሉ። የመጀመሪያው ዝናብ ነው፤ በየ0.2 ሚሊ ሜትሩ አንድ ጊዜ የሚገለበጥ ማንኪያ ያለው መለኪያ ይበቃል። ሁለተኛው በጉድጓድ ውስጥ የሚቀመጥ የአፈር ውሃ ግፊት መለኪያ ነው። ሦስተኛው በተተከለ ዘንግ ወይም በድጋፍ ግንብ ላይ ታስሮ ከዲግሪ ጥቂት መቶኛ የምታህል ማዘንበልን የሚያይ ሴንሰር ነው። በበጋ በቀን ጥቂት ጊዜ ቢለኩ ይበቃል፤ ዝናብ ሲበረታ ግን መሣሪያው ራሱ ወደ አሥር ደቂቃ ልዩነት እንዲሸጋገር ይደረጋል። በወሎ ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብም ስላለ፣ ሥርዓቱን ከሰኔ እስከ መስከረም ብቻ ማንቃት አደገኛ ነው፤ በበልግ የራሰ አፈር ክረምቱን የሚቀበለው ከወዲሁ ጠግቦ ነውና።

አስቸጋሪው ክፍል የማስጠንቀቂያውን ልክ መወሰን ነው። የሌላ አገር ልክ ለጦሳ ሥር ላለ አፈር አይሠራም። ቢያንስ ሁለት የዝናብ ወቅቶችን ለክቶ፣ ከቆዩ የዝናብ መዝገቦችና ነዋሪዎች ከሚያስታውሷቸው ናዳዎች ጋር አስተያይቶ የአካባቢውን ልክ ማውጣት ያስፈልጋል። ልኩ በጣም ዝቅ ካለ በየዝናቡ ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ ይነገራል፤ ከሦስተኛው በኋላ ከቤቱ የሚወጣ ሰው አይኖርም። ስለዚህ ሁለት ደረጃ እንመክራለን፦ በመጀመሪያው ደረጃ ባለሙያና የቀበሌ ተወካይ ሄደው ዳገቱን ያያሉ፤ በሁለተኛው ደረጃ ነዋሪ ይወጣል።

ነዋሪው እንዴት ይሰማል የሚለው የኢንጂነር ጥያቄ ብቻ ሊሆን አይገባም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት በስልክ የሚላክ ጽሑፍ አብዛኛውን ሰው አይቀሰቅስም። በወሎ የመስጊድ ድምፅ ማጉያ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወልና የእድር ጥሩምባ አሉ፤ ሁሉም ሰው ይሰማቸዋል፣ ሁሉም ሰው ያምናቸዋል። ማስጠንቀቂያው መጀመሪያ ለእነዚህ ኃላፊዎች ስልክ የሚደውል፣ እነርሱም ሕዝቡ በየት በኩል እንደሚወጣና የት እንደሚጠለል አስቀድመው የተለማመዱ መሆን አለባቸው። ይህ ልምምድ ሳይደረግ ሴንሰር መትከል ገንዘብን ዳገት ላይ መቅበር ነው።

በኮምቦልቻ የፋብሪካ ፍሳሽን መቆጣጠር ይቻላል?

በከፊል። ኮምቦልቻ የቆየች የፋብሪካ ከተማ ስትሆን፣ በከተማዋ የሚያልፉት የሌዮሌና የወርቃ ወንዞች ወደ ቦርከና ይገባሉ፤ ቦርከናም ወደ ጨፋ ረግረጋማ ሜዳ ይወርዳል። በዚያ ሜዳ ላይ ከብት ይሰማራል፣ በወንዙም መስኖ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ የሚቀመጥ ሴንሰር አሲዳማነትን፣ ሙቀትን፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነትንና የሟሟ ኦክስጅንን ያለማቋረጥ ይለካል። ክሮሚየምንና ሌሎች ከባድ ብረቶችን ለማወቅ ግን ናሙና ወደ ላቦራቶሪ መሄድ አለበት።

ታዲያ የሴንሰሩ ጥቅም ናሙናው መቼ መወሰድ እንዳለበት መናገሩ ነው። ፍሳሽ በማንኛውም ሰዓት ሊለቀቅ ይችላል፤ ተቆጣጣሪ ግን በሥራ ሰዓት ነው የሚሄደው። የአስተላላፊነቱ ቁጥር በድንገት ሲዘል በዚያው ቅጽበት ውሃ የሚቀዳ ማሽን ካለ፣ ናሙናው ጠዋት ለባለሙያው ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል። መሣሪያው በወንዝ ውስጥ ሲቆይ አልጌና ደለል ስለሚለብሰው በየሳምንቱ ካልጸዳና ልኩ በታወቀ ፈሳሽ ካልተስተካከለ በወር ጊዜ ውስጥ ሐሰት መናገር ይጀምራል። ኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለዚህ ሥራ ከማንም ይልቅ ቅርብ ነው።

የአየር ጥራት መለኪያዎችስ?

ርካሾቹ መለኪያዎች የአየር ብናኝን የሚቆጥሩት ብርሃን ሲበተን እያዩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ፒኤም 2.5 የተባለው ደቃቅ ብናኝ በዓመት አማካይ በኪዩቢክ ሜትር ከ5 ማይክሮ ግራም፣ በ24 ሰዓት ደግሞ ከ15 እንዳይበልጥ ይመክራል። ችግሩ መሣሪያው የጉም ጠብታንም እንደ ብናኝ መቁጠሩ ነው። የአየሩ እርጥበት ከ80 በመቶ ሲያልፍ ንባቡ ከእውነቱ በላይ ይሄዳል፤ ደሴ ላይ ደግሞ ጉሙ ከነማለዳው አለ። በዚያው ሰዓት የከሰልና የእንጨት ጭስም ስለሚኖር ሁለቱን መለየት ግድ ነው። ከብናኝ መለኪያው ጎን የእርጥበት መለኪያ ሳይኖር የተሰበሰበ የደሴ አየር መረጃ ለውሳኔ አይበቃም።

ለላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የሚጠቅም ነገር አለ?

አለ። ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈሉ በመሆናቸው ዋና ጠላታቸው ዐለቱ ውስጥ የሚገባና የሚወጣ እርጥበት፣ እየሰፋ የሚሄድም ስንጥቅ ነው። ከሚሊ ሜትር መቶኛ የምታንስ ለውጥን የሚያይ የስንጥቅ መለኪያ ከሙቀትና ከእርጥበት መለኪያ ጋር ለዓመታት ቢቀመጥ፣ ስንጥቁ ከወቅት ጋር የሚከፈትና የሚዘጋ መሆኑን ወይም ሳይመለስ እየሰፋ መሆኑን ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአንዳንዶቹ ላይ የተተከሉት መጠለያዎች ዐለቱን እያደረቁት ይሆን ለሚለው ክርክርም ያለ እንዲህ ዓይነት መረጃ መልስ አይገኝም።

ገመድ አልባ መሣሪያ እዚህ የሚመረጠው ሽቦ ለመዘርጋት ዐለቱ ስለማይበሳ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ ከምድር ወለል በታች ተቆፍረው ስለሚገኙ ግን ሬዲዮው ከጉድጓዱ እንዲወጣ አፋፉ ላይ አቀባይ መሣሪያ ያስፈልጋል። ማንኛውም ሥራ የቤተ ክርስቲያኒቱንና የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘት፣ የአምልኮውንም ሥርዓት ማክበር አለበት።

የመኪና ማቆሚያና የቆሻሻ ገንዳ ሴንሰሮች ለምን አልተጠቀሱም?

ቅድሚያ ስለማይገባቸው ነው። የስፔኗ ሳንታንደር ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ 12,000 የሚጠጉ ሴንሰሮች ስትተክል የተወሰኑት ከአስፋልት ሥር ተቀብረው ባዶ የመኪና ማቆሚያ የሚጠቁሙ ነበሩ፤ ያ የእርሷ ችግር ነበር። የወልድያ ወይም የከሚሴ ነዋሪ ቢጠየቅ የሚያነሣው ውሃን፣ ጎርፍንና መብራትን ነው።

የሬዲዮው ጨረር ጤናን ይጎዳል?

አንድ የሎራ ሴንሰር የሚልክበት ኃይል በአብዛኛው 25 ሚሊ ዋት ነው፤ ያውም በሰዓት ለአንድና ለሁለት ሰከንድ። ጆሯችን ላይ የምናስቀምጠው የቆየ ሞባይል ሲልክ እስከ 2 ዋት ይደርሳል። ግንብ ላይ የተሰቀለው ሴንሰር ለጤና ሥጋት የሚሆንበት ምክንያት የለም።

መንግሥት ወይም ሌላ አካል እንቅስቃሴዬን ሊከታተልበት አይችልም?

ይህ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው። የውሃ ልክ የሚለካ ሴንሰር ስለ ማንም ሰው አይናገርም። የቤት ቆጣሪ በየሰዓቱ ከተነበበ ግን ቤተሰቡ መቼ እንደሚነሣና መቼ ከቤት እንደሚወጣ ይናገራል፤ ካሜራና የስልኮችን ዋይፋይ የሚቆጥር መሣሪያ ደግሞ ከዚያ በላይ ይናገራሉ። በአሜሪካ የሳን ዲዬጎ ከተማ ኃይል ለመቆጠብና ትራፊክ ለመቁጠር ተብለው ከ3,000 በላይ የመንገድ መብራቶች ላይ የተገጠሙት መሣሪያዎች ካሜራ እንዳላቸውና ፖሊስ ምስሉን እንደሚጠቀምበት ነዋሪው በኋላ ሲያውቅ ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሣ፤ በመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. ከንቲባው እንዲጠፉ አዘዘ። ጥፋቱ ዓላማው አስቀድሞ ለሕዝብ ተነግሮ አለመወሰኑ ነበር።

በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ከተማ አስተዳደር ሴንሰር ሲተክል ምን እንደሚለካ፣ መረጃው ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው በአማርኛ ጽፎ በቀበሌው መለጠፍ አለበት። በየቀኑ ማንበብ ለሚበቃው ቆጣሪ በየሰዓቱ ማንበብን መከልከልም ቀላሉ ጥበቃ ነው።

ሰርጎ ገቦች ኔትዎርኩን ሊቆጣጠሩት ይችላሉ?

ሎራዋን መልእክቶችን ባለ128 ቢት ቁልፍ ባለው፣ ኤኢኤስ በተባለ የምስጠራ ዘዴ ያመሰጥራል፤ አንዱ ቁልፍ ለኔትዎርኩ፣ ሌላው ለመረጃው ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ምስጢሩ ሳይሆን የሰው ጥንቃቄ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የያዘው ከፋብሪካ የወጡባቸውን ከ60 በላይ የተለመዱ የይለፍ ቃሎች እየሞከረ ነበር። የይለፍ ቃል ይቀየር፣ እያንዳንዱ ሴንሰር የራሱ ቁልፍ ይኑረው፤ ፓምፕ ወይም ቫልቭ የሚያንቀሳቅስ ትእዛዝ ደግሞ ያለ ሰው ማረጋገጫ አይፈጸም።

መሣሪያ ከኢንተርኔት ገዝቼ መትከል እችላለሁ?

ከመግዛትዎ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ስለ ፍሪኩዌንሲና ስለ መሣሪያ ፈቃድ ይጠይቁ። ብዙ ተማሪዎች ሳያውቁ ለአሜሪካ የተሠራውን ባለ915 ሜጋ ኸርዝ መሣሪያ ያስመጣሉ። ያ መሣሪያ ከ902 እስከ 928 ሜጋ ኸርዝ ስለሚጠቀም የሞባይል ስልኮች በእኛ አካባቢ ከሚልኩበት ሞገድ ጋር ይጋጫል። የሚመጣው ሣጥን ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ገንዘብንም ጣጣንም ያድናል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን፤ ከየት እንጀምር?

በ2015 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም ጥቂት በጎ ፈቃደኞች በአሥር ጌትዌዮች በስድስት ሳምንት ውስጥ ከተማዋን የሚሸፍን የሎራዋን ኔትዎርክ ዘርግተዋል። ለደሴም ሆነ ለወልድያ ተማሪዎች ሁለት ጌትዌይና አሥር ሴንሰር ትርጉም ያለው ጅምር ነው። መጀመሪያ ወደ ውሃ አገልግሎቱ ወይም ወደ አደጋ መከላከል ቢሮው ሄዳችሁ ሠራተኞቹ በየዕለቱ በእግር እየሄዱ የሚያነቡትን ቁጥር ጠይቁ፤ ያንን ቁጥር አድርሱላቸው። መረጃውን ከነስሕተቱ ለሕዝብ ክፍት አድርጉት። የመመረቂያ ሥራ ሆኖ በፍላሽ ላይ የሚቀር ሴንሰር ለወሎ አይጠቅምም፤ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ የሚረከበው ሰነድ፣ የቁልፎች መዝገብና የቦታ ካርታ ሲኖር ግን ሥራው ይቀጥላል።

ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ የሚንከባከበው ማን ነው?

ይህ ከግዢው በፊት በውል መጻፍ አለበት። በውሉ ውስጥ በዓመት የሚያስፈልገው የባትሪና የመለዋወጫ ወጪ በመደበኛ በጀት መያዙ፣ ከሴንሰሮቹ ከአሥር አንዱ ያህል ለምትክ ተጨምሮ መገዛቱ፣ መረጃው በማንኛውም ሶፍትዌር ሊነበብ በሚችል ቅርጽ የከተማው ንብረት መሆኑ፣ አቅራቢው ቢዘጋ ወይም ቢሸጥ ቁልፎቹ ለከተማው የሚተላለፉ መሆናቸው ይካተት። የመጨረሻው ነጥብ እንዲያው ለጥንቃቄ ያህል የተነሣ አይደለም፤ በብዙ አገሮች የሴንሰር ኔትዎርክ የነበረው የፈረንሳዩ ሲግፎክስ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ገብቶ በሚያዝያ ወር ለሌላ ኩባንያ ተላልፏል።

ከዚህ ጋር ለእያንዳንዱ ሴንሰር አንድ ተረኛ ሠራተኛ በስሙ ይመደብ፤ የእርሱ ምትክም ይታወቅ። ተረኛው የሌሊት መጓጓዣና የስልክ ካርድ አበል ይኑረው። ሴንሰሩ ለአንድ ቀን ዝም ካለ ዝምታው ራሱ እንደ ማስጠንቀቂያ ተቆጥሮ ለዚያው ሰው ይድረስ፤ ያም ሰው ሄዶ ያየውን በመዝገብ ላይ ይጻፍ።